ከጉዞ በኋላ ያለችው 40 ደቂቃ

ደሴ ላይ ለአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህራን የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ መምህራን። ከኮምቦልቻ ሽቅብ የወጣችሁም፣ ከሐይቅና ከኩታበር የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳያችን የሥነ ጽሑፍ መምህር ለትምህርት ብሎ የሚያደርገው ጉዞና ያ ጉዞ ክፍል ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚገባ ነው። ከአንድ ቃል ልጀምር፤ ቃሉ «አፋፍ» ነው።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ሕዝብ የገጠመውን ሁላችንም በቃላችን እንይዘዋለን፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

«አፋፍ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ተማሪው «የገደል ጫፍ» ይለናል። አልተሳሳተም፤ ግጥሙ ግን ገና አልተከፈተለትም። መቅደላ አናቱ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። እግሩ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው የሚያየው አፋፉን ብቻ ነው፤ ከአፋፉ ወዲያ ያለውን ሜዳ፣ ሰዉን፣ የሆነውን ሁሉ ማየት አይችልም። ድምፅ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ይህን በዓይኑ ያየ መምህር ወደ ግጥሙ ሲመለስ ገጣሚው የቆመው ታች መሆኑ ይታየዋል። ጩኸቱን ሰምቷል፣ ጩኸቱን የሚያሰማውን አላየም። ስለዚህ «የሴቱን አላውቅም» ለማሳመር የገባ ሐረግ መሆኑ ይቀርና ተናጋሪው ከየት ሆኖ እንደሚናገር የሚጠቁም ሐረግ ይሆናል። ሳያይ እርግጠኛ የሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንድ የተባለ አንድ ሰው ሞቷል። ግጥሙ ሌላ ንባብ የለውም ለማለት አይደለም። ይህን ንባብ ግን መዝገበ ቃላት አይሰጥም፤ ቦታው ነው የሚሰጠው።

መቅደላ ከዚህ በኩታበርና በተንታ በኩል የሚደረስበት፣ መኪናው ከሚቆምበት ጀምሮ ሰዓታት የሚያስኬድ የእግር መንገድ ያለው ቦታ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ከቴዎድሮስ መድፍ ከሴባስቶፖል ጎን ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያደርጋል። የሥነ ጽሑፍ መምህር ግን «አፋፍ» የምትለዋን ቃል ይዞ ሄዶ፣ ቃሏን ተከፍታ ይዟት ቢመለስ ድካሙ ተከፍሏል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ዙሪያ ነው፤ አንድ ቃል ይዞ መሄድ፣ አንድ ትምህርት ይዞ መመለስ።

ይህ ከሌላ አገር የተዋስነው ዘዴ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን የሚጨርሰው በእግሩ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ ይሄዳል። ለቅኔ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የየራሳቸው ስልት ያላቸው ቤቶች ናቸው፤ ከእነዚህም ዋድላ እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው፤ ሰለልኩላም እንዲሁ። የወሎ ደረሳም፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ ፊቅህን (ሃይማኖታዊ ሕጉን) አንድ ሸህ ዘንድ፣ ነህውን (የዐረብኛ ሰዋስውን) ሌላው ዘንድ እየተዘዋወረ ነበር የሚቀራው። የሁለቱም ጉዞ አንድ የጋራ ሕግ ነበረው። ተማሪው የሚሄደው እዚያ ያለውን፣ ሌላ ቦታ የማይገኘውን አንድ ነገር ፈልጎ ነው፤ ሲመለስም ያንን ነገር በቃሉ ሊወጣው፣ ለሌላው ሊያስተምረው ይገደዳል። የእኛ ጉዞ የሚደክመው ሁለቱም ሲጎድሉ ነው፤ ምን ፈልጌ እንደምሄድ ሳላውቅ ስሄድ፣ ስመለስም የሚጠይቀኝ ሳይኖር ሲቀር።

እንግዲህ ከመነሣታችን በፊት ምን እናዘጋጅ? በቅድሚያ ጽሑፉ። ልናስተምረው ያሰብነውን ግጥም፣ ምዕራፍ ወይም ቃል ግጥም ሁለት ጊዜ እናንብብ። በመጀመሪያው ንባብ ቦታ፣ መሬት፣ አየር፣ ዕቃ ወይም ልማድ የሚጠሩ ቃላትን ሁሉ በእርሳስ እናስምር። በሁለተኛው ንባብ ከእነዚህ ውስጥ እኛ ራሳችን በእርግጠኝነት የማናውቃቸውን እንለይ። ለተማሪ ያስቸግራል የምንለውን ሳይሆን፣ እኛን የሚያስቸግረንን ነው ያልኩት። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቃላት ይገኛሉ። ከእነሱም ሦስት እንምረጥ። ከሦስት በላይ ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው ሁሉንም በጥቂቱ ሰምቶ አንዱንም ሳይጨብጥ ይመለሳል።

ቀጥሎ ወረቀቱ። ከትምህርት ቤት የትብብር ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የሚቀር፣ ሌላው በእጅ የሚያዝ። ገዳም ከሆነ የሀገረ ስብከቱ ወይም የገዳሙ አስተዳዳሪ ፈቃድ፣ መካን፣ ማለትም የሸሆች የጸሎትና የትምህርት ስፍራ፣ ከሆነ የቦታው ኸሊፋ (ኃላፊ) ወይም ሽማግሌዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ላይ «ለጥናት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ጥያቄ ያበዛል፤ ምን እንደምንጠይቅ፣ እንደምንቀዳና እንደማንቀዳ፣ ስንት ሰው እንደሆንን ይጻፍበት። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ በዋዜማው ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። መንገዱ ካልሆነ ጉዞው ይቆይ፤ ከተማችን ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ፣ እመለስበታለሁ።

ጊዜውም ይታሰብበት። በወሎ ክረምቱ ብቻ ሳይሆን በልጉም ይዘንባል፤ ስለዚህ የገጠር መንገድ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በጾም ሰዓት ሽማግሌዎችን ረጅም ቃለ መጠይቅ ማድረግ ግፍ ነው፤ በረመዷንም በሁዳዴም። የክብረ በዓል ቀንም ለጥናት አይሆንም። መስከረም 21 ግሸን ማርያም መሄድ ለተሳላሚ ታላቅ ነገር ነው፤ ቃል ሊጠይቅ የሄደ መምህር ግን በዚያ ሕዝብ መካከል የሚቀመጥበትም፣ የሚያነጋግረውም ሰው አያገኝም። ግሸንን ለጥናት የፈለገ በሌላ ወር ይሂድ። ባቲን የፈለገ ደግሞ ሰኞን ይፈልጋል፤ ሰኞ የሥራ ቀን በመሆኑ ዕረፍት ላይ የሚውል ሰኞ ጠብቆ ቀን መቁረጥ አለበት።

የት እንሂድ ለሚለው፣ የቅርቡን እመርጣለሁ። አንድ ሩቅ ቦታ አንዴ ከመሄድ አንድ ቅርብ ቦታ ሦስት ጊዜ መሄድ ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን የምናገኘው መስተንግዶ ነው፤ ሰው ለእንግዳ የሚናገረውን ይነግረናል። በሁለተኛው ቀን ጽሑፉን እናገኛለን። በሦስተኛው ቀን ያገኘነውን ያርሙልናል። ሦስተኛዋ ቀን ስትቀር ስሕተት ይዘን ክፍል እንገባለን።

የቅርብ ቦታ ስል ለምሳሌ ውጫሌ አለ። ከአምባሰል ከተማ ከውጫሌ አጠገብ ያለው ይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የፈጸሙበት ስፍራ ነው። የውሉን አንቀጽ 17 የታሪክ መምህር ያስተምረዋል፤ እኔ ግን የእኛ የቋንቋ መምህራን ንብረት ነው እላለሁ። ጉዳዩ አንድ ግስ ነው። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ የሚያሳድር ሆኖ ተገኘ። ኢጣልያ ያንን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች፤ ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ አለቀ። ይህንን ክፍል ውስጥ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። «ተማሪው ወደ ቤተ መጻሕፍት መግባት …» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ባዶውን በአምስት መንገድ ማስሞላት፤ ይችላል፣ ይቻለዋል፣ ይፈቀድለታል፣ ይገባዋል፣ አለበት። ከዚያ «ተማሪው ባይገባ ጥፋተኛ የሚሆነው በየትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ። «ይገባዋል» ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ መብት ነው የሚልና ግዴታ ነው የሚል። ያ ክርክር 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ይፍጅ። አንቀጽ 17 የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዲያ ይህን ለማስተማር ይስማ ንጉሥ ድረስ መሄድ ምን ይጨምራል? የቦታውን ስም ይጨምራል። «ይስማ ንጉሥ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ግስ አለው፣ ባለቤት አለው፣ ቅደም ተከተሉም ከተለመደው የአማርኛ አሰካክ የተገለበጠ ነው። እዚያ የቆመ መምህር የአካባቢውን ሰው ስለ ስሙ ቢጠይቅ ከአንድ በላይ ታሪክ ሊሰማ ይችላል፤ የሰማውን ሁሉ ከነተናጋሪው መዝግቦ ሲመለስ፣ ስምን እንደ ጽሑፍ ማንበብን ለተማሪው ማሳየት ይችላል። እዚሁ ደሴ ላይም ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው፤ እሱም ግስ ነው፣ አሉታ ነው፣ ባለቤቱ ተሰውሯል። አዳራሹ ነው የማይጠየፈው ወይስ ባለ አዳራሹ? ማንን? አንድ ግስ ብቻውን የግብሩን አዳራሽ፣ የተጋበዘውን ሰው ዓይነትና የጋባዡን ፍልስፍና ይዟል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህንን አንዴ ካየ በኋላ የደሴን የሰፈር ስሞች፣ ሸዋ በርን፣ ሰኞ ገበያን፣ ቧንቧ ውሃን ዝም ብሎ አያልፋቸውም።

ከስም ጋር የሚመጣ አንድ አደጋ አለ። ሰው ስለ ቦታ ስም የሚነግረን ታሪክ ብዙ ጊዜ ከስሙ በኋላ የተሠራ ነው። ደሴ «ደስ» ከሚል ቃል መጣ የሚለውን ሁሉም ይናገራል። ይህ ትረካ እንደ ትረካ ይጻፍ፤ እንደ ሥርወ ቃል ግን አይቅረብ። ተማሪው ሁለቱን መለየት የሚማርበት ጥሩ አጋጣሚ ስለሆነ ትረካውን መጣል የለብንም፤ «እንዲህ ይባላል» እና «እንዲህ ነው» የሚሉትን ሁለት አንቀጾች ለይቶ ማስጻፍ ይበቃል። የሼህ ሁሴን ጅብሪል ናቸው ተብለው በሚነገሩ የትንቢት ግጥሞች ላይም ያው ጥንቃቄ ያሻል። ግጥሙን የነገረንን ሰው «መቼ ነው የሰሙት? ነገሩ ከመሆኑ በፊት ወይስ ከሆነ በኋላ?» ብለን ካልጠየቅን፣ የኋላ ሰው የጨመረውን ስንኝ የሸሁ ነው ብለን እናስተምራለን።

ሐይቅ ሌላ ዓይነት ትምህርት አለው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ የገነነ ገዳም ነው፤ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የሚባለው ጥንታዊ ብራናም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ይህን ሳያስቡ ሴትና ወንድ መምህራን ያሉበት ቡድን ይዞ መሄድ ግማሹን ሰው ደጅ ማስቀመጥ ነው፤ ስለዚህ የቡድኑ ዋና ሥራ ከገዳሙ ውጭ፣ ሐይቁ ዳር ወይም ከተማው ውስጥ እንዲሆን አስቀድሞ ይታቀድ። ብራና ሲታይ የሚነካው መነኩሴው ብቻ ነው፤ ገጽ እንዲገልጡልን እንጠይቃለን እንጂ እጃችንን አንሰድም፤ የስልክ መብራት አይበራም። ጥያቄያችን «ስንት ዓመቱ ነው?» ከሆነ መልሱ አንድ ቁጥር ነው፤ ያልቃል። ይልቅ ኅዳጉን፣ የገጹን ዳር፣ እንይ። የብራና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የጸሐፊ ልመና፣ የታረመ ቃል ይገኛል። ቃላቱ በክፍተት ሳይሆን በሁለት ነጥብ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ቅዱሳት ስሞች በቀይ መጻፋቸውን፣ መስመሩ በወስፌ ተሰምሮ ጽሕፈቱ ያንን ጭረት መከተሉን እናስተውል።

ከዚህ የሚወጣው የክፍል ሥራ ውድ ዕቃ አይፈልግም። ስምንት መስመር ያለው ጽሑፍ ለመጀመሪያው ተማሪ ይሰጠዋል፤ በ4 ደቂቃ ገልብጦ ዋናውን ይመልሳል፤ ሁለተኛው የሚገለብጠው ከመጀመሪያው ቅጂ ነው፤ እንዲህ እያለ እስከ አምስተኛው። በ20 ደቂቃ አምስት ቅጂ ይኖረናል። አምስተኛውን ከዋናው ጋር ስናስተያይ የሚገኙት ስሕተቶች የጥንት ጸሐፊ የሚሠራቸው ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ይለዋወጣሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። ሁለት መስመር በአንድ ቃል ካለቀ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልና መካከል ያለው ይጠፋል። ስለዚህ ጽሑፉን ስንመርጥ ሆን ብለን በአንድ ቃል የሚያልቁ ሁለት መስመሮች እናስገባበት፤ ካላስገባን የመዝለሉ ስሕተት ላይታይ ይችላል። ጽሕፈቱ የማይነበብ ተማሪ በሰንሰለቱ መካከል ከገባ ሥራው ይበላሻል፤ እሱን መጨረሻ ላይ አስገቡት።

መንዙማ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ወሎ ውስጥ ሆነን ሥነ ግጥም እያስተማርን መንዙማን መዝለላችን ያሳዝነኛል። የአማርኛ መንዙማ የተደራጀ የግጥም ሥራ ነው፤ መክፈቻ ምስጋና አለው፣ ጀማው (ጉባኤው) የሚቀበለው አዝማች አለው፣ በዱዓ ይዘጋል። ብዙ ስንኝ በአንድ ቤት መምቻ ይጓዛል። ዐረብኛና አማርኛው የሚጋጠሙበት ቦታ ደግሞ ድንገተኛ አይደለም፤ ዐረብኛው የት እንደሚገባ፣ ቤት መምቻ ላይ ነው ወይስ መካከል፣ ቆጥሮ ማየት ራሱን የቻለ ጥናት ነው። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ዐጀሚ የሚባለውም፣ አለ፤ የአማርኛ ጽሑፍ ታሪክ በግእዝ ፊደል ብቻ የሚያልቅ አለመሆኑን ተማሪ ማወቅ አለበት። ጀማ ንጉሥን ወደመሳሰለ መካን የሚሄድ መምህር ግን ሐድራውን፣ የመንዙማና የዱዓ ጉባኤውን፣ እንደ ትርኢት አይመልከት። ከሰላምታ በኋላ ይቀመጥ፤ ዱዓው እስኪያልቅ አይጠይቅ፤ መቅዳት ከፈለገ ከመጀመሩ በፊት ያስፈቅድ። «መርሀባ» (እሺ) ቢባል እንኳ «ክፍል ውስጥ ለተማሪ ላሰማው እችላለሁ?» የሚለውን ለብቻው ይጠይቅ፤ ለመቅዳት የፈቀደ ለማሰማት ላይፈቅድ ይችላልና። ክፍል ውስጥም ተማሪን ተነሥና አዚም ማለት አይገባም። ንባብ ይበቃል።

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቅኝቱን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ሲባል ከአራቱ ሁለቱ የእኛው የአካባቢ ስሞች ናቸው። ለልብ ወለድ መምህር ግን ባቲ የምትጠቅመው ሰኞ ገበያዋ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ገበያ ይገናኛል። ተማሪዎቻችን በሚጽፉት አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ንግግሩ ደረቅ ነው፤ ሁሉም ገጸ ባሕርይ በመጽሐፍ አማርኛ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይናገራል። ገበያ ላይ ማንም ሙሉ ዐረፍተ ነገር አይናገርም። አንድ ድርድር ከመነሻ እስከ መጨረሻ ሰምቶ ወዲያው ጥግ ይዞ መጻፍ ነው፤ 10 ምልልስ ካገኘን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ስልክ አውጥቶ መቅዳት አያስፈልግም፣ ሰውን ሳያስፈቅዱም ነውር ነው። በክፍል ውስጥ ምልልሱ ያለ ተናጋሪ ስም ይሰጥና ተማሪዎች ገዢውንና ሻጩን፣ ዝምታው የገባበትን፣ ዋጋው የተቆረጠበትን ቦታ ይለያሉ።

ሩቅ መንገድ ለሚሄዱ አንድ ነገር ብቻ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን መንገድ ስንሄድ ብዙዎቻችን ከሸዋ ሮቢት በኋላ እንተኛለን። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የተቀመጠው ግን እዚያው ይፋት ውስጥ፣ ደብረ ሲናና አርማንያ አካባቢ ነው። ቆላውና ደጋው እንዴት በአንድ ዓይን እይታ ውስጥ እንደሚገቡ ከጣርማ በር ሥር ሆኖ ያየ መምህር የመጽሐፉን የቦታ ገለጻ ሌላ አድርጎ ያስተምረዋል። አዲስ አበባ ሲደርስም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የትብብር ደብዳቤና መታወቂያ ይዞ፣ የሚፈልገውን መጽሐፍ ስም ጽፎ ይሂድ።

አሁን ወደ ድምፅ መቅጃው። ሁለት ሆኖ መሄድ ይሻላል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይቀዳል፣ ይጽፋል። ጠያቂው ራሱ ሲጽፍ ዓይኑ ከተናጋሪው ይነሣል፤ ተናጋሪው ደግሞ የሚጻፍ የሚጻፍ ነገር ብቻ መናገር ይጀምራል። ስልኩ ከጥሪ ይዘጋ፤ ካልተዘጋ አንድ ጥሪ መጥቶ ቅጂውን ሊያቋርጠው ይችላል። ከተናጋሪው ከአንድ ክንድ ያልበለጠ ርቀት ላይ፣ ከጠረጴዛው ይልቅ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ፤ ሲኒ ሲቀመጥ ጠረጴዛው የሚያስተጋባው ድምፅ ንግግሩን ይበላዋል። ደጅ ከሆነ ነፋሱን በጀርባችን እንከልል። ቅጂው ሲጀመር ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ጮክ ብለን እንናገር። ከዓመት በኋላ የፋይል ስም ይጠፋል፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ስም አይጠፋም።

የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ቢያንስ 5 ሰዓት ይፈልጋል፤ ግጥም ያለበት ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ 3 ሰዓት ቀድቶ ከመምጣት 40 ደቂቃ ቀድቶ ሁሉንም መገልበጥ ይሻላል። ሲገለበጥ አማርኛውን አናቅና። እናት «ተቤት ወጣ» ካሉ «ከቤት ወጣ» ብለን አናርም፤ «አብሽር» ካሉ «አይዞህ» ብለን አንተካ። ይህንን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም የተቃና የቃል ግጥም ምጣኔውም ይሰበራል፣ የሰውየውም ድምፅ ይጠፋል። ማስታወሻ ደብተሩም በግራ ገጽ የሰማነው፣ በቀኝ ገጽ እኛ የገመትነው ይጻፍበት። ሁለቱ ከተደባለቁ ከወር በኋላ ግምታችንን የሽማግሌው ቃል ነው ብለን እናስተምራለን።

ከተመለሱ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ግራና ቀኙ ይሞላ፤ በ7 ቀን ውስጥ ቅጂው ይደመጥ። ከዚያ አንዲት ቃል፣ አንድ ስንኝ ወይም አንድ ምልልስ ትመረጥ። እዚህ ላይ ነው ብዙው ጉዞ የሚባክነው። መምህሩ የሰበሰበው ብዙ ስለሆነ ሁሉንም ሊሰጥ ይፈልጋል፤ ክፍለ ጊዜዋ ደግሞ 40 ደቂቃ ናት። የመቅደላውን ግጥም ብንወስድ እንዲህ ይከፈላል። 5 ደቂቃ፣ ያለ ማብራሪያ ሁለት ተማሪዎች ያነብባሉ። 8 ደቂቃ፣ «ተናጋሪው የት ነው የቆመው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ፤ መልሱን መምህሩ አይናገርም። 7 ደቂቃ፣ የአምባው ቅርጽ ከጎን ሆኖ በጠመኔ ይሣልና ተማሪዎች ተናጋሪውን በነጥብ ያስቀምጡታል፤ አናቱ ላይ የሚያስቀምጥም፣ ታች የሚያስቀምጥም ይኖራል፤ ሁለቱም ከግጥሙ ቃል ማስረጃ ይጥቀስ። 15 ደቂቃ፣ እያንዳንዱ ያልታየ ግን የተሰማ ነገር ላይ ሁለት ስንኝ ይጽፋል፤ ከግድግዳ ማዶ የተሰማ ለቅሶ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተሰማ ጥሩምባ። 5 ደቂቃ፣ የሦስት ተማሪ ንባብ።

«በረከተ» ላይ መቆም ግድ ነው፤ ተማሪው ከ«በረከት» ጋር ያያይዘዋል። እዚህ ግን በዛ ማለት ነው። ግንኙነቱን ራሱ ያግኘው።

ምጣኔው ደግሞ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይቆይ። ተማሪ ፊደል ቆጥሮ «መቅደላ አፋፉ ላይ» 9፣ «ጩኸት በረከተ» 7 ነው ይልና ግጥሙ ተበላሽቷል ይላል። የሚቆጠረው ፊደል አይደለም፣ ቀለም፣ ማለትም በአፍ አንድ ላይ የሚወጣው የድምፅ ክፍል ነው፤ መቅ-ደ-ላ-ፋ-ፉ-ላይ፣ 6። የ«መቅደላ» መጨረሻና የ«አፋፉ» መነሻ በአፍ ላይ ይዋጣሉ። ጩ-ኸት-በ-ረ-ከ-ተ፣ እሱም 6። ስድስት በስድስት የወል ቤት ነው። «አላውቅም» በሚለው ፈንታ «አናውቅም» የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ሦስት ቀለም ስለሆኑ ምጣኔው አይነካም፤ ሁለቱም በሕዝብ አፍ ላይ መቆየት የቻሉት ለዚህ ይመስለኛል። ትርጉሙ ግን ይለወጣል፤ አንዱ ብቻውን የቆመ ሰው ነው፣ ሌላው ጉባኤ ነው። ይህን ተማሪው በጣቱ እየቆጠረ እንዲደርስበት እንጂ ነግረነው እንዳንጨርስበት።

ሌሎች የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ከሦስት በላይ ፎቶ ስናሳይ ተማሪው የሚያየው እኛን ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የስልክ ድምፅ ከሦስተኛው ወንበር አያልፍም፤ ድምፅ ማጉያ ላይኖር፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላልና ጽሑፉ አስቀድሞ በማኒላ ወረቀት በትልቁ ይጻፍ። ከ2 ደቂቃ የበለጠ ቅጂ ክፍሉን ያስተኛል። ከዚያ ወረዳ የመጣ ተማሪ ካለ «እስኪ አንተ ንገረን» ብሎ በድንገት ማስነሣት ያሳፍረዋል፤ በዕረፍት ሰዓት ለብቻ ጠይቀነው፣ ወድዶ ከሆነ ብቻ ይናገር።

ተማሪውም የራሱን ትንሽ ጉዞ ይሂድ። ከቤቱ አራት መስመር ምርቃት ወይም እሹሩሩ ይዞ ይምጣ፤ ከሥሩ ማን እንዳለው፣ ለማን፣ የት፣ በምን ምክንያት ይጻፍበት። ከቴሌግራም የገለበጠ ተማሪ ግጥሙን ያመጣል፤ «ለማንና በምን ምክንያት» የሚለው ላይ ግን ይቆማል። ምርቃት ያለ ምክንያት አይወጣምና። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ቅርሶች መዘረፋቸውንና መጎዳታቸውን እናስታውስ፤ አያት አፍ ላይ ያለውም እንዲሁ ነገ ላይገኝ ይችላል፣ ስለዚህ ይህ ሥራ የፈተና ሰሞን እስኪያልፍ የሚቆይ አይደለም።

የመጨረሻው ሥራ ቅጂውን ለሰጪው መመለስ ነው። የተገለበጠው ጽሑፍ በትልልቅ ፊደል በእጅ ይጻፍና ሁለት ቅጂ ይያዛል። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ጮክ ብለን እናነብላቸዋለን፤ ሲያርሙ በቀይ እንጽፋለን፣ የራሳችንን ጥቁር ጽሑፍ ሳንሰርዝ። ቡና ወይም ስኳር ይዞ መሄድ ያምራል፤ ለግጥሙ ዋጋ ብሎ ገንዘብ መስጠት ግን ቀጣዩ መምህር ሲመጣ ግጥሙን ያስረዝመዋል። አንዱን ቅጂ እዚያው እንተዋለን። ሁለተኛው ከነቀይ እርማቱ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይገባል።